ያልተነገረችው ጥርስ

«እነዚህን ሁለት ጥርሶች የነቀላቸው ማን ነው?» አለ የሆስፒታሉ አስታማሚ ድሬሰር እንኳየሁ፣ የፈረንጁን ሐኪም ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሶ።

አለነ ጋቢውን እስከ አፉ ሳበ። ከማክሰኝት ጎንደር ድረስ በጭነት ማኪና ሲመጡ ሲፈራው የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በማክሰኝት ገበያ ጥርስ ነቃይ ነው። እጀ ቀላል ይሉታል፤ የተጣሉት ሰዎች እንኳ ጥርሳቸውን ያመማቸው ለታ ዘመዶቹ ይሆናሉ። እናም የሚስቱ የትርንጎ መንጋጋ ሲያብጥ፣ ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ሳያስብ አንድ ጥርስ ነቀለ። እብጠቱ ሲብስ ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለቱም እንከን የሌለባቸው ነጫጭ ጥርሶች ነበሩ። ያን ቀን ያልሠራበትን ጉጠት እንደያዘ ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም።

«አንድ መንገደኛ ነው የነቀለኝ» አለች ትርንጎ ቀድማው። «አገሩንም አላውቅ።»

ሐኪሙ ወረቀቱን አነሳ። ከወር በፊት ከአጥንቷ ተቆርሶ አዲስ አበባ የተላከው ቁራጭ መልሱ መጥቷል። የመንጋጋ አጥንት ነቀርሳ ነው፤ ሐኪሙ ራሱ በሥራ ዘመኑ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየው በሽታ። መድኃኒቱ የታመመውን አጥንት ቆርጦ ማውጣት ነው። የሚቆርጠው አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ሲሆን የዚህኛው ድርሻ ደብዳቤ ጽፎ መላክ ነበር።

«ሐኪሙ የሚጠይቀው ሰው ሊከስ አይደለም» አለ እንኳየሁ። «ራጁ የበሽታውን ድንበር አጥርቶ አላሳየም። ጥርሶቹ ተነቃንቀው እንደነበር የሚያውቀው የነቀላቸው ሰው ነው። የተነቃነቀ ጥርስ ካለ ከሥሩ ያለው አጥንት ሳይበላ አይቀርም። ከዚያ አሳጥረው ከቆረጡት ተመልሶ ያድጋል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ትርንጎን ልናድናቸው አንችልም።»

አለነ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። ትርንጎ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ተይኝ እስቲ» አላት። «እኔ ነኝ፣ ጌታው። ሁለቱንም የነቀልኩ እኔ ነኝ። ጉጠት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ በጣት ነው የወጡ።»

ሐፍረቱ ጆሮው ድረስ አቃጠለው። ሐኪሙ ግን አልተቆጣም። ከወንበሩ ተነስቶ አለነን ከትርንጎ ፊት ለፊት አስቀመጠው።

«አያ አለነ፣ የተነቃነቀው እስከየት እንደሆነ በጣትዎ ያሳዩን» አለ እንኳየሁ።

ሐኪሙ ቀደም ሲል መንጋጋዋን በእርሳስ ስሎ አሳይቷቸዋል። በሽታው ሁለቱ የተነቀሉት ጥርሶች ቦታ ላይ ካበቃ አገጯ ይተርፋል። ከዚያ ካለፈ አገጩም አብሮ ይሄዳል። አለነ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት አፏን ሲያብስላት ከተነቀሉት ፊት ያለችው ጥርስ ስትነቃነቅ ተሰምታው ነበር። ጣቴ ነው የተሳሳተ ብሎ ራሱን ሸንግሎ ተኛ።

«ስንቱን አፍ የበረበረ እጅ ዛሬ ምን ያዘው?» አለች ትርንጎ።

«አገጭሽ፣ ትርንጎ...»

«አገጬ ምን ሊሠራልኝ? ልጆቼን የማሳድገው በአገጬ ነው እንዴ?» አለችና አፏን ከፈተች።

ጣቱን ሁለቱ ባዶ ቦታዎች ላይ አሳረፈ። ሐኪሙ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ ጠበቀ። አለነ የሚስቱን ፊት አየና ጣቱን አንድ ጥርስ ወደፊት አሻገረ።

«ይቺም ትነቃነቃለች» አለ። «እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ።»