መንገዱን የሚያሳይ መስኮት

ቢጫው ሻርፕ ከማታው ጀምሮ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ነበር ያደረው። ጠዋት ልጇ መኪናዋን ደጅ አቁማ ስትገባ እናቷ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዘገየሽ አለቻት። አልዘገየችም፤ እንዲያውም ከቀጠሯቸው ቀድማ ነው የደረሰችው። ግን እናቷ ይህን ቀን ስትጠብቅ ስለኖረች ማንም መቼም ቢመጣ መዘግየቱ አይቀርም።

የሚሄዱት ወደ አሮጌው እስር ቤት ነው። እስረኛ የሚባል ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አሁን ሙዚየም ብለው ትኬት ይቆርጡበታል። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጉብዝናው ወራት እዚያ ታስሮ ነበር። ከወጣ በኋላ ስለዚያ ቤት ማውራት አይወድም ነበር፤ ሲጠይቁት ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረዋል። ሳይሰስት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሉ ላይኛው ፎቅ መጨረሻ ላይ እንደነበረና መስኮቱ መንገዱን እንደሚያሳይ። «እሑድ እሑድ ስትመጡ አያችሁ ነበር» ይላል።

ይህንኑ ገና እስር ቤት ሳለ ቀድሞት በተፈታ ሰው አፍ ልኮባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ ምሳ ዕቃውን በር ላይ አስረክባ ወዲያው መመለሷን ተወችው። ከበሩ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ ሄዳ ትቆማለች። ሻርፑን የገዛችው ከሩቅ እንዲለያት ነው። ልጇንም አጠገቧ ታቆምና «አውለብልቢ» ትላታለች። ፀሐይ አናት እየበሳ፣ አፏ ደርቆ፣ ልጅነቷን የጨረሰችው ለአንድ የድንጋይ ግንብ እጇን ስታውለበልብ ነው።

አሁን የእናቷ ዓይን እየደከመ ሄዷል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ይሳካ አይሳካ እርግጠኛ አይደለሁም ብሏል። እሷ ግን ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙም አልተጨነቀችም፤ ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ያን መስኮት ማየት ነው የፈለገችው። እሱ ከቆመበት ቆማ፣ እሱ ያየውን መንገድ አይታ፣ በቃ። ልጅቷም እሺ አለች። ፋርማሲስት ናት፤ አባቷ «ሚዛን» እያለ ነበር የሚጠራት፣ ሳትመዝን የምትቀበለው ነገር ስለሌለ። እሺ ካለች ደግሞ አሳምራ ነው የምታደርገው። ሙዚየሙ የሚከፈትበትን ቀን ጠይቃ አጣርታለች፤ ደረጃው ለጉልበት እንደሚከብድም ሰምታለች። ስለዚህ እናቷን ምድር ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ክፍሉ ክፍት መሆኑን ለማረጋገጥ ከአስጎብኚው ጋር ቀድማ ወጣች።

አስጎብኚው ቁልፍ የሚያንቀጫቅጭ፣ የሚለውን ሁሉ ሺህ ጊዜ ያለ ሰው ነው። በየክፍሉ የእስረኛ አሻንጉሊት አስቀምጠዋል፤ ባለ ሰረዝ ልብስ ለብሶ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የሚተክዝ። አባቴ እስረኞቹ የራሳቸውን ልብስ ነበር የሚለብሱት ብሎናል አለችው። ጎብኚ እንደዚህ ነው የሚወደው ብሎ መለሰላት። ተናደደች፤ ግን የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነውና ዋጥ አደረገችው።

የመጨረሻው ክፍል ተከፈተ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ የተቀባው ግን በጥድፊያ ነው፤ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሰው ቁጭ ሲል ጀርባው የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር ወዛም ጥቁረት ብቅ ብሏል። የብዙ ሰው ጀርባ ነው። ወለሉን በዓይኗ ለካችው። አባቷ ረጅም ስለነበር እግሩን ዘርግቶ ሊተኛ የሚችለው ማዶው ግድግዳ ሥር ያለው ሰው እግሩን ካጠፈ ብቻ ነው። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። አንዱ ሲያስል ሁሉም ይነቃል። ቤታቸው ሳለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቅ ሆኖ የሚተኛው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

ከዚያ ቀና አለች። መስኮቱ ከራስ በላይ ነው። ቦርሳዋን ወለል ላይ አስቀምጣ በእግር ጣቶቿ ቆመች። የሚታየው የማዶው ሕንፃ ጣሪያና አንድ የዛገ አሸንዳ ነው።

መንገዱን የሚያሳየው ክፍል የቱ እንደሆነ አስጎብኚውን ጠየቀችው። እንደዚያ የሚባል ክፍል የለም፣ መስኮቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው፣ ሲሠራም ታስቦበት ነው አላት። ምናልባት በኋላ ታድሶ ይሆናል አለችው። ቀለም ነው እንጂ ድንጋዩን ማንም አልነካውም አላት። የሌላኛው ጫፍ መጨረሻ ክፍልስ? እሱን ከፈተላት፤ ያው ነው። ቀጥሎ ያለውስ? እሱም ያው ነው።

«እህቴ» አላት ቁልፉን ወደ ኪሱ እየመለሰ፣ «መንገድ እየታየማ ማን ታሰረ ይባላል?»

ወዲያው ደረጃው ላይ የእናቷን ትንፋሽ ሰማች። የብረቱን ድጋፍ ተንጠላጥላ ብቻዋን ወጥታለች። ሻርፗን እያስተካከለች አለፈቻቸውና ሳትጠይቅ የመጨረሻውን ክፍል ገባች። ልጅቷ ተከትላ ሮጠች። መስኮቱ ተደፍኗል፣ ተለውጧል፣ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ አልመጣላትም። ውሸት አልለመደባትም።

«መንገዱ የታል?» አለች እናቷ።

ልጅቷ ዞር ብላ አስጎብኚውን አየችው።

«የታል ነው የምልሽ።»

በሩ ላይ የቆመው አስጎብኚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እማማ ከዚህ መንገድ አይታይም፣ ድሮም አይታይም ነበር አላት። እናቷ አንጋጣ ጣሪያውን አየች፣ አሸንዳውን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ያን ሁሉ እሑድ» አለች። «ጉልበቴን የጨረሰው እኮ ያ መቆም ነው። ቤት ነበረኝ። ጥላ ነበረኝ።»

ልጅቷ፣ ባያየንም እያሰበን ይሆናላ አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀልሎ ተሰማት።

«ለመታሰብማ ቤቴ ቁጭ ብዬ አልታሰብም ነበር?» አለች እናቷ። «አሁን ማንን ልቆጣ? ይኸው ሞተ። ድሮም እንዲሁ ነው፤ ጠብ ሲመጣ ሹልክ ማለት ያውቅበታል።»

አስጎብኚው ሳቁን ለማፈን አሳለ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አባቷ ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን፣ ሜዳው ላይ ስትቆም የምትለብሰው ቀሚስ ቀለሙ ምን እንደነበረ ጠይቃው ነበር። «እንዳንቺ የሚያምር» አላት። መልስ እንዳልሆነ ያኔም ታውቋት ነበር፤ አባት ነውና አለፈችው። አሁን ግን ነገሩን እንዲሁ መተው አቃታት። ምናልባት እሑድ እሑድ ልብስ ሊያሰጡ ጣሪያ ላይ ያወጧቸው እንደሆነ፣ ምናልባት ከግቢው በበሩ ስንጥቅ… አንዱን ጀምራ ሳትጨርስ ሌላውን ታነሳለች። እናቷ እጇን አንስታ አስቆመቻት።

«ውረጂና ቦታችን ላይ ቁሚ።»

«እማዬ፣ ከዚህ አይታይም እኮ።»

«ውረጂ ስልሽ ውረጂ።»

ወረደች። ቦርሳዋን እዚያው ክፍሉ ወለል ላይ ትታ፣ በየደረጃው እያጉረመረመች ወረደች። ሜዳው ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። ጠባቂው መኪናዋ የቱ እንደሆነ ጠየቃት፤ ዝም ብዬ ቆሜ ነው ብላ መለሰችለት፣ እሱም የዕብድ ቀን ነው ብሎ ይሆናል፣ ራቅ ብሎ ሄደ። ግንቡን ቀና ብላ አየችው። ልጅ ሳለች የምታውለበልብለት መስኮት እዚያው ከጣሪያው ሥር አለ፤ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር። ዓይኗን አጥብባ አየችው። የጣሪያ ውሃ እየፈሰሰ ያጠቆረው ድንጋይ ነው። መስኮት የሚባል ነገር በዚያ በኩል አንድም የለም።

ፀሐዩ እንደ ድሮው አናቷን በሳው። አላውለበልብም ብላ ክንዷን አጣምራ ቆየች። ቢያንስ ወደ መኪናዋ ጥላ መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። ኋላ ላይ፣ ጠባቂው ፊቱን ሲያዞር ጠብቃ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን ወደ ላይ ወርወር አድርጋ መለሰችው። ራሷን ታዘበችው።

እናቷ ስትወጣ ብዙ ቆይታ ነበር። በአንድ እጇ አስጎብኚውን ተደግፋለች፣ በሌላው የልጇን ቦርሳ አንጠልጥላለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሰውየውን አመስግና አሰናበተችው፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ አጠበቀች፣ ልጇ ፊት ስትደርስም ቆመች።

«አየሁሽ» አለቻት።

ልጅቷ ቀና ብላ ጥቁሩን ድንጋይ አየች፣ እናቷን አየች።

«ፀሐዩ በዝቶብሽ፣ ቦርሳሽን አናትሽ ላይ አድርገሽ ስትከልይ አየሁሽ።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቦርሳውን ከእናቷ እጅ ተቀበለችና የመኪናውን ቁልፍ ከውስጡ አወጣች።

«አዎ» አለች፣ «ፀሐዩ ከባድ ነበር።»