የተገዘተው ዋንዛ

ገደፋው ሰነፍ ተባለ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ተዳፋቱ ላይ አንዲት ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር የምታህል መሬት ነበረችው፤ ጎርፍ አፈሯን ጠራርጎ ድንጋይዋን ብቻ ያስቀረባት፣ የተዘራባትን እንኳ የማትመልስ። አንድ ቀን ተናደደና ዙሪያዋን በእሾህ አጠረ፤ «በቃ! እንግዲህ የፈለገሽን አብቅዪ!» ብሎ እርፉን ሰቀለ። አራት ክረምት ሲያልፍ ብሳናው፣ ግራሩ፣ እንቧጮው ቦረቦሩን ሞላው። ጅግራ ገባ። ከሁሉ ከሁሉ፣ አባቱ በጥላው ይቀመጡበት የነበረው፣ ኋላ የተቆረጠው ዋንዛ ከጉቶው አቆጠቆጠ። ከዚያ ዋንዛ ሥር እንደ አባቱ ጋደም ብሎ ማርጀት ነበር የገደፋው ምኞት፤ ሌላ ነገር አላማረውም።

ሰፈሩ ግን መሳቂያ አደረገው። «አያ ገደፋው፣ ዘንድሮ ጅግራው ስንት ኩንታል ሰጠዎ?» ይሉታል በገበያ መንገድ። ሚስቱ ጌጥነሽ እንኳ፣ «የሰው ባል ጤፍ ያስገባል፣ የኔው እንቧጮ ያስገባል» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች፤ ያውም እሱ እየሰማ።

ሳቁ የቆመው ደረሰ የሚባለው የቀበሌው ሊቀመንበር የመጣ ቀን ነው። ደረሰ ከስብሰባ በተመለሰ ቁጥር አዲስ ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። «አያ ገደፋው፣ መሬት ጦም ማሳደር ኪራይ ሰብሳቢነት ነው። ሰኞ ተለክቶ ለሚያለማ ይሰጣል፤ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል» አለ። የሚያለማው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሱ የሊቀመንበሩ አማች! ገደፋው እህል አልቀምስ አለ።

ቅዳሜ ዕለት የንስሐ አባቱን መምሬ ክንፈሚካኤልን ጠርቶ ጠላውን ደጋገመላቸው። መቼም አፍ ሲበላ ዓይን ያፍራል።

«አባቴ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እርፍና መጥረቢያ እንዳይገባበት ይገዝቱልኝ።»

«ለጅግራ ብዬ ልገዝት?» አሉ መምሬ ዋንጫውን ሳያስቀምጡ።

«ጅግራስ የማን ፍጥረት ነው?»

እሑድ መምሬ ከሕዝቡ ፊት ቆሙ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ፤ እርፍ ያስገባ አሉ፣ መጥረቢያ ያነሳ አሉ። ሕዝቡ ጸጥ ሲልላቸው ጊዜ ሞቃቸው፤ «እግሩን ያስገባ ሁሉ፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተገዘተ ይሁን!» ብለው አረፉት። ገደፋው ክው አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ሰኞ ሊቀመንበር ደረሰ ገመድ ከያዙት የኮሚቴ አባላት ጋር አጥሩ ሥር ቆመ። «ግቡና ለኩ!» አንዱን ወገቡን አመመው። አንዱን ጫማው ጠበበው። አማቹ ጭራሽ፣ «ኧረ መሬቱ ይቅርብኝ፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። «ኋላቀር ሁላ!» ብሎ ደረሰ ራሱ አንድ እግሩን ወደ አጥሩ አነሳ። እግሩ አየር ላይ ቆየ፤ ቆየና ተመለሰ። «ቦታው ለልማት አይመችም» ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቡሬ አቀና።

መሬቱ ተረፈ። ገደፋው ግን ከገዛ ዋንዛው ተባረረ። መምሬ አዝነው፣ «ልፍታው እንዴ?» ቢሉት፣ «ይተዉት አባቴ። እኔ ከገባሁ ደረሰም ይገባል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲፈታ ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቁጢጥ ብሎ የጅግራውን ድምፅ ሲሰማ ይውላል።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። አንድ የበጋ ቀን ጌጥነሽ ጠላ በቅል ይዛለት ወረደች። ባሏ ጋቢውን ተንተርሶ ከአጥሩ ሥር ተጋድሟል፤ ፊቱ ላይ የቅጠል ጥላ ይንቀሳቀሳል። ቀና ብትል የዋንዛው ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻግሮ ወጥቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ግዝቱስ?» አለችው።

«እኔ መች ገባሁ? እሱ ነው የወጣልኝ» አለ ገደፋው ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዋንዛው እኮ ያን እሑድ ቅዳሴ አልነበረም።»

ጌጥነሽ ሳቋ አመለጣት። ቅሉን አስቀመጠችና፣ «እስቲ ጠጋ በልልኝ» ብላ እሷም ከጥላው ገባች።