ወደ ውጭ የታጠፈው ቅጠል

ለካያል ባል ሲፈለግ ይህ ሦስተኛው ነበር። የመጀመሪያው በኮከብ ቆጠራ ፈረሰ። ሁለተኛው አንድ ዓመት ታገሡኝ ብሎ አውስትራሊያ ሄደና በስልክ መልእክት ቀረ። ካያል ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በኢፖ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ነገሩ ሲነሳባት «ይቅርብኝ እማ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ስለዚህ የባቡር መሐንዲሱ ኢላንጎ ሲገኝ፣ ልጆቹም ተያይተው ሲዋደዱ፣ እናቷ ኮማቲ ደስታዋን እንደ ሙሉ እንስራ ይዛው ነበር የምትራመደው፤ እንዳይፈስባት።

የመተጫጫው ቀን አርብ ሆነ። ኮከብ ቆጣሪው የመተጫጨቱን ማሰሪያ፣ የአበባና የኮኮናት ትሪ ለመለዋወጥ ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ያለችውን ሰዓት ሰጣቸው። የኢላንጎ አያት፣ የአባቱ እናት፣ ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ ቤታቸው አልተመቸም፤ የኮማቲም ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን በሙዝ ቅጠል ምሳ የሚያቀርበው ምግብ ቤት ይሁን አሉ። የኮማቲ ባል ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በእሱ ቦታ ትሪውን የሚያቀብለው ታናሽ ወንድሟ ካቲር ነበር።

በልጁ ወገን የመጡት ኢላንጎና አባቱ ዱራይሳሚ ብቻ ናቸው። ዱራይሳሚ፣ ባለቤቱ ናጋማል አሮጊቷን ትታ መምጣት እንዳልቻለች ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ካቲር ወደ ካያል ዞር ብሎ፣ አማት የሌለችበት መተጫጨት ለስንቱ ይገጥማል፣ ዕድለኛ ነሽ አላት። ካያል በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ኢላንጎ ሳቀ። ዱራይሳሚ ግን አልሳቀም።

ኮማቲ አንድ ነገር አስተውላ ነበር። ዱራይሳሚ አርብ አርብ ቤተ መቅደስ ሳይሳለም የማይውል ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ግንባሩ ላይ የተቀደሰው አመድ የለም። ልቡ ስለተጨነቀ ረስቶት ይሆናል ብላ አለፈችው። የልጅ ወላጅ መሆን ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ሰዓቷ እስክትደርስ ምሳ ቀረበ። አስተናጋጁ ባልዲውን አንጠልጥሎ እየተመላለሰ ሩዙን፣ የምስር ወጡን፣ ቀጭኑን ኮምጣጣ ሾርባ ቅጠሉ ላይ ጣል ጣል አደረገ። ካቲር ሁለቴ አስጨመረ፤ ሦስተኛውን ሲጠይቅ አስተናጋጁ ባልዲውን እዚሁ ልተውልህ ወይ አለው። ዱራይሳሚ ሩዙን በጣቶቹ ያማስላል እንጂ ወደ አፉ የሚደርሰው ጥቂት ነበር።

«ጋሼ፣ ሆድዎን ለሠርጉ እያስቀመጡ ነው እንዴ?» አለው ካቲር።

ዱራይሳሚ ፈገግ ለማለት ሞከረ። የወተቱ ጣፋጭ ሲመጣ ቅጠሉን በመዳፉ ሸፈነ፤ አስተናጋጁ አለፈው። ቀጥሎ፣ ሰው ሐሳብ ላይ ሆኖ ሳያውቀው እንደሚያደርገው፣ በእሱ በኩል ያለውን የቅጠሉን ጠርዝ ይዞ ወደ ውጭ፣ ከራሱ አርቆ አጠፈው።

የኮማቲ ጆሮ ጭው አለ።

በደስታ ማዕድ ላይ በልቶ የጠገበ ሰው ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጥፋል፤ ደግሞ ያገናኘን ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚታጠፈው የለቅሶ ቤት ቅጠል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው አይደገም ለማለት። ኮማቲ በዕድሜዋ አንድ ቀን ብቻ ነው እንደዚያ ያጠፈችው፤ ባሏ በሞተ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በለቅሶው ማዕድ ላይ። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ አይሳሳተውም። ትሪዎቹ አበባና ኮኮናት እንደተሸከሙ በጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠዋል፤ የልጁ አባት ደግሞ በልጇ መተጫጫ ላይ የሐዘን ቅጠል አጥፏል። ሦስተኛውም ፈረሰ፣ አለች በልቧ። ይሄኛው ደግሞ በሰው ፊት።

«ወንድሜ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ እንኳ እንግዳ ሆነባት። «ልጄን ካልፈለጋችኋት በአፍ መናገር ይቻል ነበር።»

ዱራይሳሚ አልገባውም። ዓይኗን ተከትሎ ቁልቁል አየ፤ ቅጠሉን አየ፤ እጁን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ተጣድፎ ቅጠሉን ገልጦ በሌላው በኩል ሊያጥፈው ሲታገል፣ ሾርባው በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ኮማቲ የባሰ ደነገጠች። ሊሰድብ ያሰበ ሰው ቅጠሉን መልሶ ለማጠፍ እንዲህ አይጣደፍም።

ኢላንጎ መብላቱን አቆመ። «አባባ፣ አያቴ ደህና ናት?»

ዱራይሳሚ የፈሰሰውን ሾርባ በመዳፉ ይጠርግ ጀመር።

«አባባ።»

«ሊነጋጋ ሲል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» አለ አባትየው።

ኮማቲ አመድ የሌለበትን ግንባሩን አየች፤ ሬሳ ካለበት ቤት የወጣ ሰው ቤተ መቅደስ አይሳለምም። ካቲር የጎረሰውን መዋጥ አቅቶት አፉን እንደሞላ ቀረ።

ዱራይሳሚ ቀስ እያለ ተናገረ። ሐሙስ ማታ አሮጊቷ እጁን ይዘው አስምለውታል። ብሞት ልጁን ሳታስተጫጭ እንዳትናገር፤ እኔ ከሞትኩ አንድ ዓመት ሙሉ ደስታ ከቤታችሁ ሊርቅ ነው፤ ያቺን ልጅ እንዳታሳጣው ብለውታል። ናጋማልና አንዲት ጎረቤት ገላቸውን አጥበው ጓዳ አስተኝተዋቸዋል። በሩ ተዘግቷል። ከበሮ መቺዎቹ የሚጠሩት፣ ዘመድም የሚነገረው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የቀረው ትሪው ብቻ ነበር።

«እህቴ፣ ሰዓቱ ገና አላለፈም» አላት ኮማቲን። «አርባ ደቂቃ አለን። ከእኛና ከጎረቤቷ በቀር ማንም አላወቀም። የእናቴ ቃል ነው።»

ካቲርም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ እህት ዓለም እንጨርሰው፣ ሟቿ ራሳቸው ፈቅደዋል አላት።

ኮማቲ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ፈልጋዋለች፤ ይህን በኋላም ለራሷ አልካደችም። ትሪዎቹ ቅርብ ናቸው፤ እጅ መዘርጋት ብቻ ነው የቀረው። አንድ ዓመት ረጅም ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንቱ እንደሚቀየር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

ኢላንጎ የሩዝ ፍሬ ጣቶቹ ላይ እንደደረቀ ተቀምጦ ነበር። ሕፃን ሳለ ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ እናቱ ፋብሪካ ትውል ነበር።

«ጠዋት ስወጣ በሯን አንኳኩቻለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «‹መሄዴ ነው፣ መርቂኝ› አልኳት። ‹ተኝታለች፣ አትቀስቅሳት› አላችሁኝ። ሬሳ ነው መርቂኝ ያልኩት።»

አባትየው ፊቱን በግራ እጁ ሸፈነ።

ካያል ሁለት እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ከፀጉሯ ላይ የጃስሚኑን አበባ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ወደ ለቅሶ ቤት አበባ ተሰክቶ አይኬድም።

ኮማቲ አበባውን ባየች ጊዜ ሰዓቱን ማየት ተወች።

«ተነሱ» አለች። «ሰው ሞቶ በር ተዘግቶበት አይውልም።»

«ዓመቱስ?» አለ ዱራይሳሚ።

«እንጠብቃለና። ልጁ ብቻ አውስትራሊያ አይሂድብን።»

ማንም አልሳቀም፤ እሷም ለሳቅ አላለችውም። ትሪዎቹን ካቲር ሰብስቦ ይዞ ወጣ።

ቤቱ ሲደርሱ ናጋማል በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻቸው። አምስት ሰው ስታይ ክው አለች። ዓይኗ ከባሏ ላይ አልተነሳም። «ነገርካቸው?»

«እጄ ነገራቸው።»

ናጋማል በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ኢላንጎ ጫማውን ሳያወልቅ ጓዳ ገባ፤ ከዚያ የተሰማውን ድምፅ ኮማቲ ብዙ ቀን ከጆሮዋ ማውጣት አልቻለችም። ካያል ተከትላው ገባች።

ገና ለማንም ዘመድ አልተደወለም። ዱራይሳሚ ስልኩን ይዞ ቁጥር መንካት አቃተው፤ ኮማቲ ከእጁ ተቀበለችው። የመጀመሪያው ስም ፔናንግ ከተማ ያሉት የሟቿ ታናሽ ወንድም ነበሩ። ሽማግሌው አነሱ። ኮማቲ መርዶውን እንደ ወጉ፣ ዙሪያውን አዘግማ ነገረቻቸው። ሲያለቅሱ ጠበቀቻቸው።

«ለመሆኑ ማን ልበል?» አሉ በመጨረሻ። «ድምፅሽን አላወቅሁትም።»

ኮማቲ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። ትሪ አልተለዋወጡም፤ ቀለበት የለም፤ ጎረቤትም ዘመድም አይደለችም። ከጓዳ የኢላንጎ ልቅሶ እየበረደ፣ የልጇም ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል።

«የኢላንጎ አማት ነኝ» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።