የመጀመሪያው ገጽ

ወንድሜ ባሺር ናይሮቢ ሒሳብ ተምሮ ሲመጣ «አቦ፣ ሱቅ ጠብቅልኝ!» ብዬው ነበር። ሱቄን ቢጠብቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ታናሻችን ዳባ በፈረንጆቹ 2007 ወደ ደቡብ በሚሄድ ሎሪ፣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ከሞያሌ ከወጣ አራት ወር አለፈው። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። እማ አላለቀሰችም። «ከሎሪው ሰዎች ከአንዱ ቤት ወሬ ይመጣል» እያለች ሄሉ ሰፈር ያለው ቤታችን ደጅ ላይ ትቀመጣለች።

ባሺር በሞተር እስከ ዳበልና ኡራን መንደሮች ድረስ እየዞረ የተሳፋሪዎቹን ቤተሰቦች ጠየቀ። ስንት እንደሆኑ ግን ማንም አልነገረውም፤ እኛ ዘንድ ሰው አይቆጠርም፣ የተቆጠረ ይጎድላል። የነገሩት ስምና ምልክት ብቻ ነው፦ ጃኬት የለበሰ፣ ጀሪካን የያዘ፣ ስዋሂሊ የማይችል። እሱም ደብተር ላይ ሰንጠረዥ አሰመረ፤ ሰዎቹን ቁልቁል፣ ምልክቶቹን አግድም። ከዚያ ቡድን ያወጣ ጀመር፦ አንዳንድ ምልክቶችን የሚጋሩ ሰዎች ሁሉ፣ ማንም ሳይቀር፣ ከሚጋሯቸው ምልክቶች ሁሉ ጋር፤ ጃኬት የለበሱና ጀሪካን የያዙ ሁሉ አንድ ቡድን እንደማለት። «ዳባ ከማን ጋር እንደወረደ ከዚህ ይወጣል» አለ።

«መቼ ያልቃል?» አልኩት።

«ቀጣዩን ቡድን ለማግኘት ሁሌም ያው ግማሽ ቀን ነው። ስንት እንደቀረ ግን ዘርዝሬ ካልጨረስኩ አላውቅም። አንድ ምልክት ከተጨመረ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ይችላል።»

«ውይ! ታዲያ ለምን ትጨምራለህ?»

እሱ አጎንብሶ ለሌላ ምልክት መስመር አሰመረ።

እማ ደግሞ የራሷን ወሰነች። «ዝርዝሩ ሲያልቅ ለቅሶ እቀመጣለሁ። ከዚያ በፊት ማንም እንዳያጽናናኝ!» በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ባሺር የዕለቱን ቡድን ያነብላታል፤ እሷ ለእያንዳንዱ ስም የወተት ሻይ በኩባያ ቀድታ ምንጣፉ ላይ ታስቀምጣለች። ኩባያዎቹን የማነሳው እኔ ነኝ። ወላሂ አልዋሽም፣ ከዳባ ጋር የተሳፈሩት የነጎሎ፣ የነጃለቱ፣ የነሁቃ ሻይ ማንም ሳይነካው ጎድሎ አገኘዋለሁ። የዳባ ብቻ እንደሞላ ይቀዘቅዛል። እኔ ኩባያዎቹን ማንሳት እፈራለሁ፤ እማ ግን ፈገግ ትላለች። «የሚጠጣው ሙት ነው። ልጄ አልጠጣም።»

አንድ ቀን በቃኝ ብዬ ባሺር በሌለበት ደብተሩን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ ተጣጥፎ ሽፋኑ ውስጥ ተወሽቋል። የሁሉም ተሳፋሪ ስም አለበት። ሁሉም የሚጋሩት ምልክት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ድምፁ ያልተሰማ።

ሲመለስ ገጹን ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። «ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለህ! ከአንዱም ቤት ወሬ የለም!»

«ሳነብላት ያንን ምልክት እየዘለልኩ ነው» አለኝ፤ ያለቅስ ነበር። «ምልክት የምጨምረው ዝርዝሩ እንዳያልቅ ነው፣ ናኢማ።»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በላው። እስክሪብቶውን ነጠቅኩትና ሰንጠረዡ ላይ እኔም አንድ ምልክት ጨመርኩ፦ እናቱ የምትጠብቀው።

አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ የሁሉም ነው። ሁሉም የሚጋሩት ምልክት ዝርዝሩን አያስረዝመውም።»

ቀና ስል እማ በሩ ላይ ቆማለች። ትልቁን ትሪ ይዛለች፣ ቤት ያለው ኩባያ ሁሉ ተደርድሮበታል።

«ባሺር፣ የምትዘልበት ቦታ ላይ ድምፅህ ይሰበራል። ወልጄህ የለም እንዴ? በል የዘለልከውን አንብብ።»

አልቻለም። እኔ አነበብኩ፣ እሷ በየስሙ ቀዳች። ማንም ሳይቆጥር ስሙና ኩባያው እኩል አለቀ። የመጨረሻው ስም ዳባ ነበር።

ተቀመጥን። ንፋስ የለም፣ ዝንብ እንኳ የለም። ብዙ ቆይታ እማ እጇን ዘረጋችና የዳባን ኩባያ አነሳች። እጇ ላይ ቀለላት። አዘንብላ አሳየችኝ፤ ሥሩ ላይ የሻይ ቅጠል ብቻ ቀርቷል።

«ሂጂ፣ ጎረቤት ጥሪልኝ» አለችኝ።