አዋሽ ላይ የሚበራው የሰመራ መብራት

ከፍሪጁ በላይ ያለው አምፖል አለመብራቱን ያስተዋልኩት እራት በልቼ ሳህኑን አጥቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ሳህኑ ላይ ያብረቀርቃል።

አምፖሉ የሚበራው ልጄ ራኬብ ሰመራ ካለው ቤቷ ስትገባ ነው። እኔ ያለሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ በመካከላችን ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ሥራዋ ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ የምትወጣው ከመሸ ነው፤ የምትኖረውም ብቻዋን። በእኔ ሐሳብ በየምሽቱ መኪና ይገጫታል፣ በየምሽቱ እባብ ይነድፋታል። እሷ ሳትገባ የራሴን በር ቆልፌ አላውቅም።

መጀመሪያ ያመጣችልኝ በስልክ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል ብቻ ነበር። እሳት ያስነሳል ብዬ ሥሩ አልቆምም ነበር። ቀጥሎ የእሷን ክፍል መብራትም ስልኬ ላይ ጨመረችልኝ። በኋላ ደግሞ ሰው ሲያልፍ የሚያይ፣ እንቁላል የሚያክል ነገር በሯ ላይ ሰቀለች። እሱ ሲያያት የእኔ አምፖል ይበራል።

"በቃ እማ፣ ከእንግዲህ 'ገባሽ ወይ' ብለሽ አትደውይም" አለችኝ።

ያን ምሽት ግን ደወልኩ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" አለችኝ የቴሌዋ ሴትዮ። ወጥቼ ጎረቤቴን ዙሌይካን ጠራኋት። ከወሎ መጥታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት የከፈተች ናት።

"ዙሌይካ፣ ልጄ አንድ ነገር ሆናለች!"

"አዑዙ ቢላህ! ባለፈው ሳምንትም ቀብረሻት ነበር እኮ።"

"አምፖሉ አልበራም።"

"አምፖል እንጂ መልአክ መሰለሽ እንዴ? ይልቅ የእሷን ቤት መብራት በስልክሽ ታዢው የለ? አብሪው፣ አጥፊው። እቤት ካለች ታያለች።"

ስልኩን ነካሁ። አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ከገዋኔና ከሚሌ ማዶ አንድ ክፍል በእኔ ጣት ይጨልማል፣ ይነጋል። ክፍሉ ባዶ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ዙሌይካም ቀልዷን ተወች።

"ያ ረቢ" አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ከፍሪጁ በላይ በራ። ጠፋ። ደግሞ በራ።

"አልሐምዱሊላህ! መለሰችልሽ!"

ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ ልጄ ግድግዳዬ ላይ "አለሁ" አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

"እማ፣ ቤቱን ዲስኮ አደረግሽው እኮ! ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው፤ አሁን ገና ሰካሁት። ሻወር ቤት ነበርኩ።"

"ታዲያ ስትገቢ ለምን አልበራም?"

"አላየኝማ! ያ ዕቃ የሚያየው የሰውነት ሙቀት ከአየሩ ሲለይ ነው፤ ዛሬ ውጭው እንደ ሰው ገላ ግሏል። ፊቱ ቆሜ እጄን ባወዛውዝ ምንም! ፎጣ በፍሪጅ ውሃ ነክሬ ሳወዛውዝለት ነው የበራው።"

ስልኩን ዘግቼ ይህንኑ አሰላሰልኩ። አየሩና የልጄ ገላ እኩል ግለው፣ በሯ ላይ ቆማ እንደሌለች ሆነች። ከዚህ ሙቀት ጋር ዕድሜዬን ኖሬያለሁ፤ ሰው እንደሚሰውር ግን አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ራኬብ ያን ዕቃ አንስታ የበሯ መቀርቀሪያ ላይ ማግኔት ያለው ሌላ ገጠመች። ሙቀት አያታልለውም አለች፤ መቀርቀሪያው ሲገባ የእኔ አምፖል ይበራል። የመጀመሪያውን ምሽት ከዙሌይካ ጋር ግድግዳውን እያየን ተቀመጥን።

"ማግኔቱ ቢወልቅስ?" አልኩ።

"ለማግኔት ደግሞ ማልቀስ ጀመርሽ?"

ሳቄ ሳያልቅ ከፍሪጁ በላይ ቢጫ ብርሃን ወጣ። ሰመራ ላይ አንድ ብረት ተገፍቶ ቦታው ገባ፤ ድምፁን የሰማሁት እስኪመስለኝ ድረስ። ከዚያ ዙሌይካን ሸኘኋትና ተመልሼ በሬን ቆለፍኩ።