መጋረጃ ያላት ፔጆ

ገብረ መድኅን ፌራሪውን የሸጠ ዕለት ሚስቱ ትሩፋት ለሐና ማርያም ጧፍ አስገባች። እሱ እንደ ሐዘንተኛ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እሷ ስለቷን አደረሰች።

ፌራሪ ስንል እንግዲህ በክርስትና ስሟ ነው። ሆዷ ያረጀ ቮልስ ነበር። ገብረ መድኅን በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የባትላሜራዎች አለቃ ሲሆን ቆርቆሮ በመዶሻ ማናገር ይችላል እየተባለ ይወራለታል። ከጣሊያን አሮጌ መጽሔት ላይ አንዲት የእሽቅድምድም መኪና አይቶ ልቡ ተሰለበና የዘይት በርሜል እየቀደደ፣ እየቀጠቀጠ፣ ቮልሷን ፌራሪ አለበሳት። ቀይ ቀባት። ጣራ የላትም። አፍንጫዋ ከመርዘሙ የተነሳ መታጠፊያው ላይ ብቅ ስትል ሰው ለመኪናዋ ሰላምታ ሰጥቶ ሲጨርስ ነው ሾፌሩ የሚደርሰው። የላፍቶ ልጆች «ጫማ» አሏት። ዳገት ላይ ስታጓራ ግን ድምጿ የወፍጮ ቤት ነበር።

ትሩፋት ይህን ሁሉ ችላ ኖራ ነበር። ያልቻለችው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገሠሠ አንድ ቀን በራቸው ላይ ቆም ብሎ፣ «ጓድ ገብረ መድኅን፣ እንዲህ የምትፈጥን መኪና የሠራኸው ከማን ልታመልጥባት ነው?» ብሎ የሳቀውን ሳቅ ነው። ባሏም አብሮ ሳቀ። ሞኝ ምን ጊዜም አብሮ ይስቃል። ትሩፋት ግን አንድ ልጅ አላት፤ ወጋየሁ ይባላል። አሥራ ስምንት ሞልቶታል፤ ቁመቱም እንደ አባቱ ፌራሪ አለ ቅጥ ረዝሟል። ጊዜው ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ቤት ለቤት የሚሄድበት ጊዜ ነው። እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ቤቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ልጁም ይገባል።

ስለዚህ «ጫማዋ» ለሙሽራ መኪና ለሚያከራይ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ተሸጠች። ቀጣዩን የሕልም መኪና የመምረጡ ነገር መጣ። ገብረ መድኅን ማታ ማታ ከራት በኋላ ዕጩዎቹን ያቀርባል፤ ትሩፋት ትጥላለች።

«መካኒሳ አንድ ጣሊያን ትቷት የሄደ አልፋ ሮሜዮ አለች።»

«የሄደ ሰው መኪና ገዝተህ ሂያጅ ልታሰኘን ነው?»

«እሺ መርቸዲስ።»

«ፊውዳል!»

«ኧረ አሮጌ ናት፣ ትሩፌ።»

«አሮጌ ፊውዳል።»

«ላዳስ? ላዳ የወዳጅ አገር መኪና ናት።»

«ላዳ የሚያገኝ ሰው ትልቅ ሰው የሚያውቅ ነው። አንተ ማንን ታውቃለህ?»

«አንቺን።»

«እንግዲያው በእግርህ ሂድ።»

ገብረ መድኅን ተስፋ ቆረጠና፣ «ታዲያ ምን ዓይነት መኪና ነው የምትፈልጊው?» አላት።

«ሰው አይቷት፣ አየሁ የማይላት መኪና።»

«እንደዚያ ዓይነት ባል አለሽ እኮ፤ መኪናው ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ተኛ።

ተገኘች ግን። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያወጣት ፔጆ ነበረች፤ ቀለሟ አመድማ፣ መልኳ የማንም። ከኋላዋ የሬዲዮ መገናኛ የነበረበት ረጅም አንቴና ቀርቷል። ባትላሜራው ሊነቅለው ይችል ነበር፤ ግን አኩርፎ፣ «እሷን በመዶሻ አልነካም፤ መዶሻዬ ክብር አለው» አለ። ትሩፋት በበኩሏ አንድ ጉድለት ታያት። ወጋየሁ ከኋላ ተቀምጦ ትምህርት ቤት ሲሄድ በመስኮቱ ይታያል። ስለዚህ ቡና ዓይነት የሆነውን አሮጌ ጉርዷን ቀድዳ ለኋላ መስኮቶች ሁሉ መጋረጃ ሰፋች። ድርብ አድርጋ ሰፋችው፤ ስትሰጋ እጇ ይበረታል።

እንግዲህ አመድማ ፔጆ፣ ረጅም አንቴና፣ ቡናማ መጋረጃ። ትሩፋት ይህን ሁሉ ለየብቻው ታየዋለች እንጂ አንድ ላይ ደምራ አላየችውም። ሰፈሩ ደመረው።

መጀመሪያ ዝም ያሉት ልጆች ናቸው። ጫማዋ ላይ እንደ ዝንብ ሲሰፍሩ የኖሩት ፔጆዋን ሲያዩ ኳሳቸውን ታቅፈው እየገቡ በር ይዘጋሉ። ገብረ መድኅን ፀጉሩን ሊስተካከል ሲገባ ጸጉር አስተካካዩ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ዝናቡንም ያመሰግናል። እድር ላይ በስኳር መጥፋት ሲያማርር የኖረ ሰው ሁሉ እሱ ሲቀመጥ ስኳር ለጤና አይስማማም ማለት ጀመረ። ከአጥር ወዲያ ያለችው ሙፊዳ፣ መርካቶ ጨርቅ የምትሸጠዋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ «አንቺ ትሩፌ! በርበሬሽ ፀሐይ ላይ ቀረ!» እያለች ስትጮህ የኖረችው፣ አንድ ቀን ጠዋት አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እንደምን አደሩ?» አለቻት። ትሩፋት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ማንም የለም።

«እግዜር ይመስገን፤ ሰው ረሳን» አለች ለባሏ።

«መኪናዋን አክብረው ነው» አለ እሱ። «ፔጆ ክብር አላት፤ ባልወዳትም።»

ሁለቱም በየደስታቸው ሳሉ የአፈሳው ቅዳሜ መጣ። ጓድ ገሠሠ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን አስከትሎ ሰፈሩን ቤት ለቤት ያዘ። ትሩፋት ወጋየሁን ቆጥ ላይ አውጥታ፣ በላዩ ጆንያ ጭና፣ በጆንያው ላይ ራሷ ልትቀመጥ ስትል ከበር ውጪ የሊቀ መንበሩን ድምፅ ሰማች። «ይኼ ይታለፍ» አለ ቀስ ብሎ። ጫማውም ቀስ ብሎ ሄደ። ከላይ ሰፈር ግን ሦስት ልጆች ተጭነው ሄዱ፤ የእናቶቻቸው ጩኸት እስኪመሽ አልቆመም። ትሩፋት የራሷን ደስታ ከጩኸቱ ጋር አንድ ጉሮሮ ውስጥ ማሳለፍ አቅቷት ራት ሳትበላ ቀረች።

በማግስቱ ሙፊዳ መጣች። የእሷ ልጅ ከድር ለቡ ካለው አጎቱ ዘንድ ስለነበር አምልጧል። አልተቀመጠችም።

«ለርስዎ ቀላል ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ልጄን እንዲያልፉት ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ።»

«ባሌ ማን ሆኖ?»

«እኔ ምንም አላልኩም። ሰው ሥራውን ይሠራል።»

«ባሌ ባትላሜራ ነው፣ ሙፊዳ! ምን ነካሽ?»

ሙፊዳ ምሬቷን መዋጥ አልቻለችም። «ባትላሜራ እንደ ደኅንነት ሰው መጋረጃ ያስፈልገዋል? አንቴና ያስፈልገዋል? ማንን ሊያናግርበት ነው፣ ቆርቆሮን?»

ትሩፋት እጇን ይዛ እየጎተተች ወደ መኪናዋ ወሰደቻት፤ በሩን ከፍታ መጋረጃውን በእጇ አስያዘቻት። ሙፊዳ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ በጣቷ ታውቃለች። አንዴ አሸት አደረገችው። ገልብጣ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ይኼን እኮ እኔ ነኝ የሸጥኩልሽ! ለልጅሽ ክርስትና ጉርድ ያሰፋሽበት!»

«ምን ላድርግ፣ ልጄን ዓይን እንዳያየው ብዬ ነው።»

ሙፊዳ የመኪናዋ መርገጫ ላይ ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ከዚያ እውነተኛውን አለቀሰች። «እና የእኔንስ?» አለች።

ትሩፋት ያን ሳምንት የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማ አየችው። ጓድ ገሠሠ የየትኛው ቢሮ ናችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ ባሏ ይታሰራል፤ ወጋየሁ በመጀመሪያው መኪና ይጫናል። ቅዳሜ ማለዳ ግን ባሏን ከአልጋ አውርዳ፣ «ፔጆዋን ሙፊዳ በር ላይ አቁምልኝ» አለችው። ገብረ መድኅን አቁሞ እያጉረመረመ በእግሩ ወደ ጋራዡ ሄደ። እሷ ደግሞ ሊቀ መንበሩ በፊት መስታወት አጮልቆ ባዶነቷን ቢያይስ ብላ ተሰቀቀች። ከፊትና ከኋላ ወንበር መካከል ነጠላዋን ወጥራ ከለለችና ከኋላ፣ ከጉርዷ ጀርባ፣ ገብታ ተቀመጠች። መኪናዋ ባዶ መሆኗ እንዳይታወቅ ወይም ራሷ እንዳትታይ፣ ከሁለቱ አንዱን መፍራት ይበቃት ነበር፤ እሷ ሁለቱንም ፈራች።

ጓድ ገሠሠ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ መኪናዋን አይቶ ቆመ። ኮቱን ቆለፈ። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ለመጋረጃው፣ «ጓድ፣ እንደምን አደሩ?» አለ።

ትሩፋት ስትደነግጥ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ሳለች። ወፈር ያለ፣ የጎረምሳ ሳል አመለጣት።

«ይህ ቤት በእናንተ በኩል ተይዟል መሰለኝ?»

ደግማ ሳለች፤ አሁን ማቆም አልቻለችም።

«ገባኝ ጓድ! በቂ ነው ጓድ!» አለ ሊቀ መንበሩ፤ ተከታዮቹን በእጁ ወደ ኋላ እየገፋ። «ይኼ ይታለፍ።»

ጫማቸው ከራቀ በኋላ በሩን የከፈተችው ሙፊዳ ናት። ትሩፋት መጋረጃውን በሁለት እጇ እንደያዘች እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«አንቺ ትሩፌ፣ ውጪ በይ!» አለቻት። «እንዲህ ያለ ሳል የት ተማርሽ?»

ትሩፋት ያን «አንቺ» ስትሰማ ከሊቀ መንበሩ ማምለጧን እንኳ ለጊዜው ረሳችው።

ምስጢር ከሙፊዳ ጋር ለመኖር የሚችለው እስከ ማታ ነው። ማታ ጎረቤቷ አፀደ መጣች፤ እሷም ልጅ አላት። ገዲሴ ተከተለች፤ ሁለት አላት። ትሩፋት እንደምንታሰር፣ እንደምንገረፍ፣ ማን ማንን እንደሚያጋልጥ በየተራ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እና የሚመጣው ቅዳሜ የእኔ በር ላይ ማን ያቆማታል?» አሉ።

ችግሩ ቤንዚን በኩፖን መሆኑ ነው። በየበሩ እያስነሱ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ በዚያ ወር የላፍቶ ሰው ሁሉ የሚፈራት መኪና ሊቀ መንበሩ በላይኛው ሰፈር ተጠምዶ ሳለ ነጠላቸውን ባሸረጡ እናቶች እየተገፋች በጓሮ መንገድ ከበር በር ዞረች። ከኋላ ሙፊዳ፣ አፀደና ገዲሴ ይገፋሉ፤ መጋረጃው ውስጥ ትሩፋት ሳሏን ትለማመዳለች። መሪውን የያዘው ታምሜያለሁ ብሎ ከጋራዡ ፈቃድ ያስወጣው «በሽተኛው» ገብረ መድኅን ነው።

«አልፋ ሮሜዮዋን አሁን ብናያትስ?» አለ ወደ ኋላ ሳይዞር።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«ምኑን ልንዳ? ፌራሪዬ እንደዚህ አንድ ቀን ተገፍታ አታውቅም።»

ከኋላ ሙፊዳ ቀና አለች። «ኧረ ተው ጋሼ! ያቺን ጫማ ስንገፋ አይደል እንዴ ያረጀነው?»

«ቀስ በሉ፣ ሰው ይሰማል» አለች ትሩፋት ከመጋረጃው ውስጥ። ቀጥሎም፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ብላ፣ ሳለች።