ድንኳን አይተከልም

ለቅሶ ቤት ጀነሬተር የሚያስነሳ ሰው አልወድም። መብራት በጠፋ ቁጥር የእድራችን ጀነሬተር ከድንኳኑ ጀርባ ማጓራት ይጀምራል፤ የሚያለቅስ አይሰማ፣ የሚያጽናና አይሰማ፣ ሁሉም ይጯጯሃል። ስለዚህ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሙሐዲን "ሲሃም፣ ሥራሽ ሶላር አይደል? ለካራቫኑ አንድ ነገር አድርጊልን" ሲሉኝ ወዲያው እሺ አልኩ።

ካራቫኑ እድሩ ከአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት በጨረታ የገዛው፣ በመኪና የሚጎተት የቆርቆሮ ቤት ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲሞት ወደ ሟቹ ደጅ ይጎተታል፤ በሌላው ጊዜ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ እትዬ ካሳነሽ በር ፊት ለፊት ይቆማል። የእኛ ቤት ከእሳቸው ቀጥሎ ነው።

ፓኔሉን ጣሪያው ላይ ከቀረው አሮጌ ሞንታርቦ አጠገብ አሰርኩ፤ መቆጣጠሪያዋን ሳጥን ከውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ባትሪው ላይ ግን ተጣላን። ኮሚቴው አዲስ ላለመግዛት ብሎ ከቆመ ሚኒባስ የተነቀለ አሮጌ ባትሪ አመጣልኝ። "ይሄ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ፀሐይ ስትጠፋ አብሮ ይጠፋል" ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ አጣሁ። በንዴት ከግድግዳው የወጡትን አሮጌ ሽቦዎች፣ የትኛው የምን እንደሆነ እንኳ ሳልለይ፣ ሳጥኗ ላይ አንድ ላይ አሰርኩና ቆልፌ ወጣሁ። ሐምሌ ነበር፤ ሰማዩም ተዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደጅ ላይ ፊቴን ስታጠብ ከካራቫኑ ጣሪያ ሳል ሰማሁ።

ያንን ሳል የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። የጋሽ ፍቅሬ ሳል ነው፤ በየመንገዱ እየዞሩ ሞት የሚያረዱን የእድሩ ለፋፊ። ጋሽ ፍቅሬ ደግሞ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

"የእድራችን አባላት!" አለ ድምፁ። "አቶ መዝገቡ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። በበሽታው ምክንያት ቀብሩ በቤተሰብ ብቻ ይፈጸማል። ለቅሶ ቤት ማንም እንዳይመጣ። ድንኳን አይተከልም።" ከዚያ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች፤ ድምፁም ተቆረጠ።

አቶ መዝገቡ የእትዬ ካሳነሽ ባል ነበሩ። በኮሮና ጊዜ ነው የሞቱት። ጋሽ ፍቅሬም ይህንኑ ለፍፈው ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ሳል ተከተሏቸው።

እናቴ ዙሀራ ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወድቆ ውሃው እግሯ ሥር ሲፈስ እሷ የካራቫኑን ጣሪያ ታያለች። ጋሽ ሙሐዲን ቁልፍ ይዘው እየሮጡ መጡና ከፈትን። ምንም የለም። ባትሪው ሞቷል፣ አንድ የሚበራ ነገር አይታይም። በሁለተኛው ቀን ጠዋትም እንደዚያው ሆነ፤ ሳል፣ የመዝገቡ ስም፣ "ማንም እንዳይመጣ"፣ ከዚያ ዝምታ።

ሰፈሩ ማውራት ጀመረ። "ፍቅሬ ሰው ሊጠራ መጥቷል" ተባለ። ማንን እንደሚጠራ ግን እትዬ ካሳነሽ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት፦ "እኔን ነው።" ለመገነዣቸው ገዝተው ያስቀመጡትን አቡጀዲ አውጥተው አጠቡና አጥራቸው ላይ ሰጡት። እናቴ የላከችላቸው ምግብ ሳይነካ ተመለሰ። ፈራሁ። በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም እያልኩ ፈራሁ። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን እሳቸው ደስ ያላቸው መምሰላቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትወጣ ካራቫኑን ከፍቼ ገባሁና የታጠፈው ድንኳን ላይ ተቀመጥኩ። ሸራው እርጥበትና የማገዶ ጭስ ይሸታል። ብርሃን በመስኮቷ ሲገባ ሳጥኗ ቀጭ አለች። ከዚያ ከተቀመጥኩበት ሥር፣ ከጭኔ በታች፣ አንድ ሰው ሳለ።

ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ድንኳኑን ገልብጬ ሳይ አንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ቀይ መብራቱን አብርቷል፤ አፉ ላይ ፍላሽ ተሰክቷል። ጋሽ ፍቅሬ ያን ጊዜ ጉሮሯቸው እምቢ ሲላቸው ድምፃቸውን ቀድተው በጣሪያው ሞንታርቦ ያሰሙት የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ እድሩ ሞት የሚያረዳው በስልክ ስለሆነ ማንም አልነካውም። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ፀሐይ ባትሪውን ቀና ስታደርገው ይናገራል፣ ደመና ሲመጣ ይሞታል። ፍላሹን ነቀልኩ።

ሮጬ ሄጄ እትዬ ካሳነሽን "ሙት አይደለም፣ ዕቃ ነው! ማንም አልጠራዎትም" አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

መዳፌ ላይ ያለውን ፍላሽ አዩት። "የዚያን ቀን ይሄን ስሰማ በሬን ከፍቼ ነበር" አሉ። "ፍቅሬ ቢልም ሰው ይመጣል ብዬ። እስኪመሽ ተቀመጥኩ። እናትሽ በአጥር ቀዳዳ ስታየኝ አየኋት። መዝገቡ እንደ ውሻ ነው የተቀበረው፣ አንዲት ሰው አላለቀሰችለትም። አሁን ደግሞ የሚጠራኝም የለም አልሽኝ።"

ፍላሹን ኪሴ ልከተው ስል እጄን ያዙኝ።

"መልሰሽ ሰኪው" አሉኝ። "ነገ አንዴ ይናገር። ማን እንደሚታዘዘው ልየው። ማንም ካልመጣ አቡጀዲዬን ከአጥሩ አወርዳለሁ፤ ጠሪ ሳልጠብቅ ለብሼው እተኛለሁ።"

ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ሰካሁት። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ፀሐይዋ ጥርት ብላ ወጣች። እትዬ ካሳነሽ ጥቁር ለብሰው፣ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሳሉ መጣ። "ለቅሶ ቤት ማንም እንዳይመጣ። ድንኳን አይተከልም።" ደመና የለምና ሲጨርስ እንደገና ከሳሉ ጀመረ። መንገዱ ላይ፣ ከካራቫኑ ጀርባ ከቆምኩት ከእኔ በቀር፣ ሰው የለም። በየአጥሩ ቀዳዳ ዓይን እንዳለ ግን አውቃለሁ። መሐላዬን አፍርሼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የእኛ በር ተከፈተ። እናቴ ሻርፗን ተከናንባ ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ አቡጀዲውን ጎትታ አወረደችና ብብቷ ሥር ወተፈችው። "ካሳነሽዬ፣ ዘገየሁ" አለችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ሌላ በር ተከፈተ፣ ሌላም። ጋሽ ሙሐዲን ካራቫኑ ውስጥ ገብተው የድንኳኑን ቋሚ እየጎተቱ ወጡ። ጎረቤቱ ገመድ ያዘ። ከጣሪያው ጋሽ ፍቅሬ እየሳሉ አትምጡ ይላሉ፣ እኛ ከሥራቸው ካስማ እንመታለን። ሸራው ሲወጠር ጥላው ካራቫኑ ላይ ወጣና ፓኔሉን ሸፈነው።

"ድንኳን አይ…" ብለው ጋሽ ፍቅሬ ዝም አሉ።

ጀነሬተር አልነበረም። እትዬ ካሳነሽ "መዝገቡ!" ብለው ሲጮኹ ሁላችንም ሰማናቸው።